ከልደታ እስከ ባሮ፤ ለጀልባችን ወርድ ፍለጋ

ታክሲ ውስጥ «ሥራሽ ምንድን ነው?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አብዛኛውን ጊዜ «የውኃ ታንከር እንሠራለን» ብዬ አልፋለሁ። ውሸትም አይደለም። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለው ወርክሾፓችን ለብዙ ዓመት በርና መስኮት ሲበይድ፣ ታንከር ሲሠራ የኖረ ነው። እውነቱን ከተናገርኩ ግን ጥያቄው ሜክሲኮ ደርሰን ወርደንም አያልቅም። ጀልባ እነድፋለሁ። ያውም የባሕር ኃይል ጀልባ፣ ያውም ልደታ ቁጭ ብዬ።

ጀልባዋ ትንሽ ናት፤ መድፍ የላትም፣ የምትዋጋውም ጠላት የለም። ጎርፍ ሲመጣ ሰው የምታወጣ፣ ውኃው ሲጎድል እህልና መድኃኒት የምታመላልስ፣ ደህና ጊዜ ደግሞ ምጥ የያዛቸውን እናቶች ጤና ጣቢያ የምታደርስ እንድትሆን ነው የታዘዝነው። ንድፉ ሊያልቅ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ወርዷ። የእኛ አገር ጀልባ ውኃ ከማየቷ በፊት ብዙ አስፋልት ማየት አለባት፤ ከአዲስ አበባ እስከ ወንዙ የምትሄደው አይሱዙ ላይ ተጭና ነው። ስለዚህ ከመኪናው እንዳትተርፍ ብዬ ቀጭን አደረግኋት። ቀጭን ጀልባ ደግሞ ፈጣን ናት። ሥራውን ያዘዘን ኮማንደር የፍጥነቷን ስሌት ሲያይ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ሳቀ። እኔም በልቤ ተኮፈስኩ።

የቀረው ወንዙን አይቶ መምጣትና በሳምንቱ ማክሰኞ ንድፉን ማጽደቅ ነበር። ከጸደቀ ብረት መቆረጥ ይጀምራል፤ ብረት ከተቆረጠ በኋላ «ትንሽ ሰፋ ብትል» የሚባል ነገር የለም። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ወንዙን ለማየት የወጣንበት የዚያ ሳምንት ወሬ ነው። ጋምቤላን አይተው ለማያውቁ የሰፈሬ ሰዎች ብዬ ነው የጻፍኩት፤ የሚያውቁት ይታገሡኝ።

ሰኞ፤ ከልደታ ጅማ

ሦስት ነበርን። ሾፌራችን ሰኢድ ቤተሰቦቹ ከወሎ መጥተው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የወለዱት፣ መሪ ይዞ ዝም ማለት የማይችል ሰው ነው። አማካሪያችን ጋሽ ይርጋ ደግሞ ወጣትነታቸውን ምጽዋ ላይ በባሕረኛነት ያሳለፉ፣ አገሩ ባሕሩን ሲያጣ ልደታ ማርያም ጀርባ ያለች ቤታቸው ገብተው የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ እግራቸው ጀልባ ረግጦ አያውቅም። በቅርቡ ኮማንደሩ «ጋሽ ይርጋ ደክመዋል፣ ቢያርፉ ይሻላል» ማለት ጀምሮ ነበር። እሳቸውም ሰምተዋል። ጉዞው ለእኔ የወርድ ጉዳይ ነበር፤ ለእሳቸው ግን «ገና አለሁ» የማለት ጉዳይ ነበር።

ማለዳ ልንወስዳቸው ስንደርስ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመው፣ ካፖርት ለብሰው፣ የተጠቀለለ ወፍራም ገመድ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል። ገመዱ ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ባሕረኛ ያለ ገመድ ከቤት አይወጣም አሉ። ሰኢድ ጋምቤላ ድረስ ሊጎትቱን ነው እንዴ ብሎ አሾፈባቸውና ተነሣን።

ከከተማው መውጣት ብቻውን አንድ ጉዞ ነው። ሰበታን እስክናልፍ ድረስ ከልደታ የተለየን አልመሰለኝም፤ ያው ታክሲ፣ ያው ጥሩምባ፣ ያው አቧራ። ወሊሶን ካለፍን በኋላ ግን እንሰቱ ብቅ ብቅ ይል ጀመር፤ አየሩም ረጠብ አለ። እኔ ዓይኔ ከፊታችን ከሚሄዱት አይሱዙዎች አልነቀል አለኝ። ጀልባዬን በሐሳቤ እያንዳንዳቸው ላይ እጭናታለሁ፤ ጠፍሬ አስራታለሁ፤ ከወልቂጤ በኋላ ጊቤ ቁልቁለት ላይ አንደኛው ኩርባውን ሲዞር ወደ ገደሉ ዘመም ሲል ደግሞ በሐሳቤ የጫንኳትን መልሼ አወርዳታለሁ።

ወልቂጤ ምሳ ላይ ተለያየን። ሰኢድ ወደ ሙስሊም ምግብ ቤት ተሻገረ፤ እኔና ጋሽ ይርጋ ከመንገዱ ወዲህ ክትፎ ቤት ገባን። አገራችን ሥጋ ላይ ሲደርስ ጓደኛሞችን በአስፋልት ትለያያለች። ከምሳ በኋላ ሁለቱም «የእኔ ይበልጣል» እያሉ እስከ ጅማ ተከራከሩ።

ጅማ ያደርንበት ሆቴል ንጹሕ ነበር፤ ውኃ ግን አልነበረውም። ስለ ጎርፍ ልናጠና የወጣን ሰዎች በአንድ ባልዲ ተዳርሰን ታጠብን። ባልዲውን ያመጣችልን የሆቴሉ ሴትዮ ለምን እንደምንስቅ ስላልገባት ቅር አላት፤ ስነግራት ግን እሷም ሳቀችና ለጋሽ ይርጋ ሞቅ ያለ ሁለተኛ ባልዲ ጨመረችላቸው።

ማክሰኞ፤ ከጅማ መቱ

የኢሉባቦርን ጫካ በመኪና መስኮት ማየት ለልደታ ሰው ጥሩ ነገር አይደለም፤ ተመልሶ የገዛ ሰፈሩን ሲያይ ይከፋዋል። ዛፍ ላይ ዛፍ በቅሏል። እኛ ሰፈር አንድ ዛፍ ቢተርፍ ከሥሩ ሊስትሮ፣ ካርድ ሻጭና ቆሎ ሻጭ ይጋፉበታል። እዚህ ዛፉ ብቻውን ቆሞ ዝናብ ይጠጣል።

በደሌን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ጎማ ፈነዳ። ሰኢድ ተጠባባቂውን ጎማ ሲያወርድ እሱም ከፈነዳው የማይሻል ሆኖ ተገኘ። ሰኢድ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ዝናቡም ይህን ሲጠብቅ እንደነበረ ሁሉ ወረደ።

ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት አንድ ሰውዬ በኮባ ቅጠል ተከልሎ መጣና ኑ ግቡ አለን። አማርኛው ትንሽ፣ የእኛም ኦሮምኛ ከእሱ አማርኛ ያነሰ ነበር፤ ቢሆንም ተግባባን። ባለቤቱ በቆሎ እየጠበሰች አቀረበችልን፤ እሱ ደግሞ ጎማውን ሞተር ብስክሌት ላይ ጭኖ ሰኢድን ከኋላው አፈናጦ ጎሚስታ ፍለጋ ሄደ። ጋሽ ይርጋ ስለ ገመዳቸው ቀና አሉ፤ ያለ እሱ ገመድ ጎማው ሞተሩ ላይ አይታሰርም ነበር። ሰውዬው ሲመለስ ለድካሙ ብንሰጠው አልቀበልም አለ። እኛ ሰፈር መኪና ሲበላሽ መጀመሪያ የሚመጣው ዋጋ የሚነግር ሰው ነው። ሰኢድ እስከ መቱ ድረስ ይህንኑ እያነሣ ራሱን ሲነቀንቅ ነበር።

ረቡዕ፤ ከመቱ ጋምቤላ

ጎሬን አልፎ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ የልብስ ማውለቂያ መንገድ ነው። ጎሬ ላይ ጃኬት፣ መሀል ላይ ሹራብ፣ ታች ስንደርስ የቀረውን ሁሉ ለማውለቅ ያምራል። ጋሽ ይርጋ ብቻ ካፖርታቸውን አላወለቁም። ምጽዋ ከዚህ ይብሳል አሉ፤ ላባቸው ግን በአገጫቸው ይንጠባጠብ ነበር። ቀኑ የጾም በመሆኑ ሽሮ አዝዘን ሦስታችንም በአንድ ትሪ ቀረብን። ሰኢድ የጾም ቀን የሚወደው ለዚህ እንደሆነ ነገረን፤ ብቻውን መብላት አይሆንለትም።

ከሰዓት በኋላ ባሮን አየሁት። እኛ ሰፈር ወንዝ የምንለው ነገር ላስቲክና ጫማ ተሸክሞ በድልድይ ሥር የሚሹለከለከውን ነው፤ ክረምት ላይ ትንሽ ይቆጣል እንጂ ሰው አይፈራውም። ባሮ ሌላ ነው። ድምፅ የለውም። ሰፊ፣ ቡናማ፣ የተኛ የሚመስል ውኃ ነው፤ መሀሉ ላይ የሚሄደውን ግንድ ስታይ ግን ፍጥነቱ ይገባሃል። መስቀል ገና ማለፉ ስለነበር ውኃው ከዳርቻው ብዙም አልጎደለም።

ጋሽ ይርጋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ውኃ ቀዱና ቀመሱት። «ጨው የለውም እንጂ ውኃ ነው» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ስለነበር እኔና ሰኢድ ወደ ድልድዩ ዞረን ስለ ድልድዩ ማውራት ጀመርን።

ሐሙስ፤ ወንዙ ዳር ያለው መንደር

ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ ካሉት የአኙዋ መንደሮች በአንዱ አስተናጋጃችን መምህር ኦሞድ ነበር። የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ረጅም፣ ረጋ ያለ፣ ከእኔ የተሻለ የተጣራ አማርኛ የሚናገር ሰው። ባለቤቱ አሪየት ደግሞ አማርኛዋ አጭር ነው፤ የምትፈልገውን ግን ታደርስበታለች። ቤታቸው ማንጎ ዛፎች ሥር ነው። ከቤት እስከ ወንዙ ያለው ርቀት ከእኛ ወርክሾፕ እስከ ታክሲ መያዣው ካለው አይበልጥም፤ ያን ያህል ቅርብ ሆኖ ሰው እንዴት እንደሚተኛ ገረመኝ።

ምሳ ዓሣ ነበር፤ በሾርባው የበቆሎ ገንፎ እያጠቀሱ ይበሉታል። እንግዲህ ዓሣ የአስፋልቱን መሀል መስመር የማያውቅ ምግብ ነው፤ የክርስቲያን ዓሣ፣ የሙስሊም ዓሣ የለም። ሰኢድና ጋሽ ይርጋ አንድ ሳህን ላይ ተጋፍተው በሉ። ጋሽ ይርጋ የዓሣውን ራስ አንሥተው ለሰኢድ ሲያጎርሱት፣ አሪየት የቀረውን ሁሉ ገለበጠችላቸው። እንግዳ እስኪያቅተው ካልበላ ቤቷ የተናቀ ይመስላታል አለን ኦሞድ። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ማንም በደንብ አልተነፈሰም።

ስለ ጎርፉ የነገረችኝ አሪየት ናት፤ ኦሞድ እያስተረጎመ። ነሐሴ ላይ ውኃው ቀን በቀን መጣ፤ ሰው ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ሸሸ፤ ከዚያ ወደ ጣሪያው። እሷ እርጉዝ ነበረች፣ መውለጃዋም ደርሶ ነበር። ከከተማ የመጣችው ጀልባ ትንሽ ነበረች፤ እየተመላለሰች ስታወጣ ለአሪየት ተራ የደረሳት ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው። ጣሪያ ላይ ሆና የሞተሩን ድምፅ ስትጠብቅ መዋሏ ከምጡ ይበልጥ ይከብድ ነበር አለች። ልጇ አሁን ጀርባዋ ላይ ታዝላ ተኝታለች።

ከዚያ ቀጥታ በአማርኛ ጠየቀችኝ። «የአንቺ ጀልባ ፈጣን ነው?»

ፈጣን ነው አልኳት። እንዲህ ኮርቼ የመለስኩት ጥያቄ በሕይወቴ የለም። አሪየት እጄን ያዘችና ለኦሞድ በአኙዋ ቋንቋ የሆነ ነገር አለችው፤ ኦሞድ «እንግዲህ በሚቀጥለው ክረምት እንጠብቅሻለን ትላለች» አለኝ።

ዓርብ፤ ጀልባ ላይ

የመንደሩ ሰው ማዶ ወዳለው ገበያ የሚሻገርባት አንዲት ቀጭን የቆርቆሮ ጀልባ ነበረች፤ ሞተር ያላት፣ የአንድ ነጋዴ። ሳያት ልቤ ዘለለ። መጠኗ ከእኔ ንድፍ ያነሰ ቢሆንም የርዝመቷና የወርዷ ምጣኔ ልክ እንደ እኔ ጀልባ ነበር፤ ንድፌን ሰርቀው የሠሯት እስክትመስል። ከዚህ የተሻለ ሙከራ አይገኝም ብዬ ሁላችንም ከተሳፋሪው ጋር እንድንሻገር ወሰንኩ።

ሰዉ ሲሞላ አየሁ። የአኙዋ ሴቶች ቅርጫታቸውን መሀል አድርገው ወለሉ ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡ። ከደጋ የመጡት፣ ማለትም ሦስት መምህራን፣ አንዲት ጨው ነጋዴ፣ ሰኢድና እኔ ደግሞ በሁለቱም ጠርዝ በተዘረጋው ጣውላ ላይ በወግ ተደረደርን፤ ልክ ታክሲ ውስጥ እንዳለን። ጋሽ ይርጋ የመጨረሻ ሆኑ። ገመዱ የታሰረበትን ጉቶ እየዞሩ ሲያዩ፣ ሲያጠብቁ፣ ሲያላሉ ቆዩ። ባሕረኛው ተመልሶባቸው ነበር፤ እንደዚያን ጠዋት ቀጥ ብለው ሲሄዱ አይቻቸው አላውቅም።

ጨርሰው አንድ እግራቸውን ጀልባዋ ላይ አኖሩ። በዚያች ቅጽበት የሆነውን ማናችንም አስበን አላደረግነውም። ሽማግሌ ገባ፤ ተነሣን። መምህራኑ «ኖር! ይለፉ ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ» አሉ፤ ጨው ነጋዴዋ ቦታዋን ለቀቀች፤ ሰኢድ እጁን ሊሰጣቸው ተጠማዘዘ። እኔም፣ ስሌቱን ሁሉ የሠራሁት እኔ፣ ከሁሉ ቀድሜ ነበር የተነሣሁት። ሁላችንም ቆምን፣ ሁላችንም እሳቸው ወዳሉበት ጎን አዘነበልን፤ ጀልባዋም አብራን አዘነበለች።

ወለሉ ላይ የነበሩት ሴቶች ሳይነቃነቁ ስለቀሩ አልተገለበጥንም። ውኃው ግን በጠርዙ ገባ። ጋሽ ይርጋ ግራ እግራቸው መሬት፣ ቀኝ እግራቸው ጀልባ ላይ እንዳለ ቀስ ብለው ተሰነጠቁና ካፖርታቸውን እንደለበሱ ባሮ ውስጥ ገቡ።

ዳር ስለነበር ውኃው ከወገብ አያልፍም። ለእኛ ግን ባሮ አዞ አለበት ተብሎ ተነግሮን ስለነበር ጩኸታችን ከከተማ ሳይሰማ አልቀረም። ሊሸኘን ዳር የቆመው ኦሞድ ከነሱሪው ዘሎ ገባ፤ አሪየት ደግሞ ከዳር ሆና ካፖርታቸውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ጎተተቻቸው። ወጡ። ባርኔጣቸው ሄደ፤ አንድ ጫማቸውም ሄደ። ማንም አልተጎዳም። ኦሞድ ቤቱ ወስዶ የራሱን ሱሪና ሸሚዝ አለበሳቸው፤ ሱሪው እግራቸውን አልፎ መሬት ይጠርግ ስለነበር አሪየት በመርፌ ወደ ላይ አጠፈችላቸው። አንድ ጎረቤት የራሱን ነጠላ ጫማ አመጣ። ሌላው ትኩስ ሾርባ አመጣ። ልደታ ሰው ቢወድቅ መጀመሪያ ይከበባል፣ ከዚያ ይመከራል፤ እዚህ መጀመሪያ ልብስ ይደረብለታል።

እኔ ማንጎው ሥር ተቀምጬ የራሴን ሞኝነት አሰብኩ። ጠመንጃ ያዥ ወርክሾፑ ወለል ላይ ጀልባዋን በሙሉ መጠኗ በኖራ አሥምረን፣ አግዳሚ ደርድረን፣ ጎረቤቶቻችንን አስቀምጠን ሞክረን ነበር። የእድራችን ሊቀመንበር ዘግየት ብለው ሲመጡ ያን ቀንም ሰዉ በሙሉ ግር ብሎ ተነሥቶላቸዋል። አይቻለሁ። ደስ ብሎኝ ፎቶ ሁሉ አንሥቻለሁ። ሲሚንቶ አያዘነብል፤ ስለዚህ ምንም አልታየኝም። ሃያ ሰው ተቀምጦ ነው ያሰላሁት፤ ሃያ ሰው ለአንድ ሽማግሌ ሲነሣ ጀልባዬ ምን እንደምትሆን አላሰላሁም። ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ከጣሪያ ላይ ሽማግሌና አሮጊት ነው የሚወርደው።

ብትሰፋ አትገለበጥም። ብትሰፋ ግን ትንቀራፈፋለች፣ አይሱዙ ላይም አትወጣም። ለአሪየት ደግሞ ፈጣን ነው ብያታለሁ።

ቅዳሜና እሑድ፤ መልስ

ስንለያይ አሪየት የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችን። ኦሞድ ሱሪውን መልሱልኝ እንኳ አላለም፤ ጋሽ ይርጋ ሊያወልቁ ሲሉ ተቆጣቸው። መኪናው ውስጥ ግን ስንሄድ እንደነበርነው አልነበርንም። ዓሣው ይሸታል፤ ጋሽ ይርጋ ባዶ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈዋል። ጎሬ ስንደርስ ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ እኔም ጃኬቴን ደርቤላቸው ግንባራቸውን ብነካ ያቃጥላል።

ጥቂት ቆይተው ሰኢድ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሜሮን፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አሉኝ።

«ምን ልታዘዝ ጋሼ?»

«የወንዙን ነገር ቢሮ አታንሺው። ባሕረኛው ወንዝ ዳር ወደቀ ከሚሉኝ አዞው ቢበላኝ ይሻል ነበር። ይህን ሳይሰሙም አርፈው ይቀመጡ እያሉኝ ነው።»

አላነሣም አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ? አባቴ ቢሆኑስ ኖሮ? የሰኢድን አፍ መዝጋት ግን የበለጠ ሥራ ነበር፤ በቁርአን አስምዬው ነው የተረጋጋሁት።

መቱ የደረስነው መሽቶብን ነው። ያገኘነው ማደሪያ የግቢው በር ጠባብ ነበር። ሰኢድ ወረደ፣ ለካ፣ ሁለቱን ስፖኪዮዎች ወደ ውስጥ አጠፋቸውና መኪናውን ሽው አድርጎ አስገባ። ገብቶ ሲያበቃ መልሶ ዘረጋቸው። እኔ በሩ ላይ ሻንጣዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሰኢድ ምን ሆነሻል ሲለኝ ስፖኪዮውን እንደገና አጥፈህ አሳየኝ አልኩት። አጠፈው። ዘርጋው አልኩት። ዘረጋው። ወባ የያዘኝ መስሎት ግንባሬን ሊነካ እጁን ሰደደ።

ጀልባዋ እንዲሁ ቀጭን ትሁን። በሁለቱም ጎኗ ግን በማጠፊያ የተያዘ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ክንፍ ይኑራት፤ አይሱዙ ላይ ስትጫን ይታጠፋል፣ ባዶዋን ወደ ጎርፉ ስትበር ይታጠፋል፤ ሰው መጫን ሲጀመር ይዘረጋና ውኃው ላይ ይተኛል። ያኔ ሃያውም ሰው ቢነሣ ትችለዋለች። ፈጥና ትመጣለች፣ ቀስ ብላ ትመለሳለች። የማደሪያው ባለቤት ለጋሽ ይርጋ ዝንጅብልና ማር አፍልተው እያጠጧቸው፣ እኔ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳልኩት። ጋሽ ይርጋ ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ ዓይናቸውን ከፍተው አዩትና ማጠፊያው ላይ ጣታቸውን አኖሩ፤ ይህ ይጠንክር፣ ሁሉም ነገር የሚሰበረው እዚህ ነው አሉኝ። ከዚያ ተኙ።

እሑድ ጅማ አደርን፤ ሰኞ ማታ ልደታ ገባን። ጋሽ ይርጋን ክሊኒክ አሳይተን፣ መድኃኒት አስይዘን፣ ባለቤታቸው እጅ አስረክበን ተለየናቸው። ባለቤታቸው የማን ሱሪ እንደሆነ ቢጠይቁን ሁለታችንም «ደህና ይደሩ» ብለን ወጣን።

ማክሰኞ፤ ስብሰባው

ጋሽ ይርጋ አይመጡም ብለን ስብሰባውን ጀመርን። ኮማንደሩ፣ ሁለት ባለሙያዎቹ፣ የእኔ ሁለት የሥራ ጓደኞችና ሰኢድ ነበሩ። አዲሱን ንድፍ ዘረጋሁት። ኮማንደሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ በትዕግሥት አዳመጠኝ። ከዚያ የሚጠየቀውን ጠየቀ። ክንፍ ማለት ማጠፊያ ነው፣ ማጠፊያ ማለት የሚሰበር ነገር ነው፣ የሚሰበር ነገር ደግሞ ጎርፍ መሀል ምን ያደርግልናል አለ። ሰው ይቆማል የምትይው ለምንድን ነው አለ። ጀልባ ላይ ሰው ይቀመጣል፤ ካስፈለገ «መቆም ክልክል ነው» ብለን በትልቁ እንጽፋለን አለ።

እኔም ሰው ሊነሣ ይችላል አልኩ። ማን ይነሣል አለ። ወረቀቴን አየሁ። ሰኢድ ጣሪያውን አየ። የሆነውን መናገር አልችልም፤ ሳልናገረው ደግሞ ክርክሬ ባዶ ነበር። «ሊያጋጥም ይችላል» አልኩ፤ ለራሴም ደካማ ሆኖ ተሰማኝ። ኮማንደሩ በደግነት ፈገግ አለና የቀድሞውን ቀጭን ንድፍ ወደ ራሱ ሳበ። በዚህ እንቀጥል ብሎ እስክሪብቶውን ከፈተ። ጣሪያ ላይ ሆና የሞተር ድምፅ የምትጠብቀው አሪየት ትዝ አለችኝ፤ ጀልባዋ ፈጥና ስትመጣላት፣ ተሳፋሪው ሁሉ ለአንድ አሮጊት ሲነሣ፣ ልጇን እንዳዘለች ስትገለበጥ ታየችኝ። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ይርጋ ነበሩ። አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመዋል፣ ፊታቸው ገርጥቷል፣ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘዋል። የቢሮውን ደረጃ በዚያ ትኩሳት እንዴት እንደወጡት አላውቅም።

ተነሣን። ሁላችንም። ወንበሮቹ ተንጫጩ፤ ባለሙያዎቹ «ኖር፣ ኖር» አሉ፤ ጓደኛዬ የራሱን ወንበር ሳበላቸው፤ ኮማንደሩም እስክሪብቶውን እንደያዘ እጁን ሊሰጣቸው በጠረጴዛው ላይ ተንጠራራ።

ጋሽ ይርጋ ግን አልገቡም። በሩ ላይ ቆመው አንድ በአንድ አዩን።

«ባሮ ላይም ልክ እንዲህ ነው የተነሡልኝ» አሉ። «እኔም ውኃ ውስጥ ገባሁ።»

ኮማንደሩ መቆሙን ያወቀው ያኔ ይመስለኛል። ግራና ቀኙን አየ፤ ሁላችንም ቆመን፣ ሁላችንም በአንድ በኩል፣ ወደ በሩ አዘንብለን ነበር። እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ ዘጋው።

«ክንፎቹ ንድፉ ላይ ይግቡ» አለኝ።

ጋሽ ይርጋ መጥተው ወንበር ስበው እስኪቀመጡ ድረስ ግን እሱም አልተቀመጠም።